ዘጌ ስትሄዱ ጫካውን ዝም ብላችሁ አትለፉት

ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይቺን ያዙልኝ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባ ውስጥ ሁኑ።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት፤ ዘጌ ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ያለች ባሕረ ገብ መሬት ናት። አክስቴ ዛሬም እዚያው፣ አፋፍ በምትባለው ትንሽ ከተማ ትኖራለች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ ለጥየቃ፣ አንዳንዴ ተማሪዎቼን ይዤ። ከዘጌ የተመለሰ ሰው ሳገኝ "ምን አየህ?" ብዬ መጠየቅ እወዳለሁ። ስለ ሥዕሉ ያወራኛል። ስለ ዘውዱና ስለ ብራናው ያወራኛል። ጫካውን የሚያነሳልኝ ግን ጥቂት ነው። ከጀልባ ወርዶ፣ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ ተመልሷል። በመሀል ያለፈበት ደን መንገድ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ዘጌ ላይ ደኑና ገዳሙ አንድ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው አይገባችሁም። ስለዚህ ሁለቱንም አጥግባችሁ የምታዩበትን አካሄድ ልንገራችሁ።

ሰዓቱና ወቅቱ

ጠዋቱን ያልኩት በምክንያት ነው። ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቅ ግን አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ይሆናል። ጀልባውን እየደጋገመ ይመታል። ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል።

አንድ ዓመት አሥራ አራት ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ስለነበር "ትንሽ እንቆይ" እያልን ቆየን። ስንነሳ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ነፋሱ መጣ። ውሃው ወደ ውስጥ ይረጭ ጀመር። አንዲት ልጅ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ቲቸር፣ ዋና አልችልም" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ላይፍ ጃኬቶቹን የቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ነበሩ። እኛ ከነነጂው አሥራ ስድስት ነበርን። ጀልባ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ዳሩን ይዞ አወጣን። ማንም አልተጎዳም። ሳልቆጥር ልጆቹን ማሳፈሬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ። ጃኬቱ ከሰዉ ካነሰ ሌላ ጀልባ ጠይቁ። አትፈሩ፤ ነጂው ይቀየም ይሆናል፣ ይቀየም።

ወቅቱን በተመለከተ እኔ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። ከኅዳር ጀምሮ ቡናው ይቀላል፤ ለቀማው ይጀመራል፤ ደኑ በሰው ድምፅ ይሞላል። ክረምት ላይ መሄድ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ያዳልጣል፤ ዝናቡም ቀኑን ያበላሽባችኋል። ከዝናብ በኋላ ባሉት ወራት የወባ ትንኝም አለች። እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር አይለያችሁ።

ቀኑንም አስቡበት። የዘጌዋ ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት በዓሏ የካቲት 16 ነው። በዚያ ቀን ከየአቅጣጫው በታንኳም በጀልባም በእግርም ሰው ይጎርፋል። ዝማሬውን፣ ከበሮውን፣ ነጭ ለባሹን ሕዝብ ማየት ለሚፈልግ ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለም። ሥዕሉን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። እሑድና በበዓል ቀን ቅዳሴው ጠዋት ነው። በጾም ቀን ደግሞ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በዓቢይ ጾም ስድስት ሰዓት ላይ ይደርስና በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በጾም ቀን በጠዋት ከደረሳችሁ ግን ከቅዳሴው በፊት በቂ ጊዜ ታገኛላችሁ።

ስለ ጀልባው ስትነጋገሩ

ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መንገዱ አፋፍ ድረስ ያስገባል። በየብስ ለመሄድ ካሰባችሁ የዚያን ሰሞን የመንገዱን ሁኔታ ከአገሬው ሰው ጠይቁ። እኔ ጀልባውን የምመርጠው ዘጌን ከሩቅ ስለሚያሳየኝ ነው።

ዋጋ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር አጥሩ። ስንት ገዳም ነው የምንሄደው? ስንት ሰዓት ይጠብቀናል? ስንመለስ ዓባይ መውጫ ድረስ ይወስደናል ወይ? ይህን ሳታጠሩ ከተሳፈራችሁ መሀል ሐይቅ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ሌላም አለ። ብዙ ነጂዎች ክብራን ገብርኤል የሚባለውን የደሴት ገዳም በመንገዱ ላይ ይጨምሩታል። ክብራን ሴት አይገባም። ደጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ነው። ሴትና ወንድ ተቀላቅላችሁ ከሆነ ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለአንድ ቀን እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። በአንድ ቀን አምስት ገዳም ያየ ሰው አመሻሹ ላይ የትኛው የት እንደነበር እንኳ አይለይም።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። ሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። በቀላሉ የሚወልቅ ግን የማያዳልጥ ጫማ። ወፈር ያለ ካልሲ፤ ጫማ አውልቃችሁ ምንጣፍ ላይ ነው የምትቆሙት፣ ቁንጫ ሊኖር ይችላል። ውሃ። ዝርዝር ብር። ከሩቅ የሚያሳይ መነጽር ካለው ሰው ተዋሱ፤ ለወፎቹ ነው።

ሴት ልጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ መምህራንና ወላጆች አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አትገባም። ይህን በሩ ላይ አትንገሯቸው። ከቀናት በፊት ለብቻቸው በጨዋ ቋንቋ ንገሯቸው። የቀረች ልጅ ካለች አንድ ጓደኛ ይዛ ደኑ ውስጥ ወፍ እንድትቆጥር አድርጉ። እኔ እንደዚያ አደርጋለሁ። አንዴም ከቤተ ክርስቲያን ከወጡት ልጆች ይልቅ ውጭ የቀረችው ብዙ የምትናገረው ነገር ነበራት።

ውሃው ላይ

ደንገል ጭኖ ወይም እንጨት ጭኖ የሚሄድ ታንኳ ካያችሁ ነጂው ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሩት። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። የሞተር ጀልባ ማዕበል ያናውጠዋል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ አንድ ታንኳ ከወራት በላይ አያገለግልም፤ ከዚያ አዲስ ይታሰራል። የታንኳን ሙያ ጠብቀው ያቆዩልን የሐይቁ ዳር ወይጦዎች ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ እያሰሩ ታገኟቸዋላችሁ። ቆም ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዘጌ ብቅ ስትል ቀና በሉና እዩ። ባሻገር ያለው የታረሰ መሬት በበጋ ቡናማ ነው። ዘጌ ግን ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ከውሃው ጠርዝ እስከ አናቷ። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ምክንያቱን ስንወጣ እነግራችኋለሁ።

ውሃው ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ። ዳር ዳሩ ላይ ብልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ ትሉ ከሱ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው ወደ ሰው የሚገባው። ውሃው ጥርት ቢልም አያሳያችሁም።

ደኑ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የመጣሁት ለዚህ ነውና።

ከጀልባ ስትወርዱ የአካባቢው አስጎብኚዎች ይቀበሏችኋል። አንድ ያዙ። ያደጉበት ደን ነው፤ ወፉን በድምፁ ይለዩታል። ከዚያ ሌሎቹ ቡድኖች ቀድመዋችሁ ይውጡ። እናንተ አሥር ደቂቃ ቁሙ። አታውሩ። ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይስቃሉ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዝም ይላሉ። ያኔ ደኑ ይጀምራል።

መጀመሪያ የምትሰሙት እንደ አህያ የሚያናፋ ድምፅ ሊሆን ይችላል። አህያ ግን አይደለም። ቀና በሉ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ግዙፍ ወፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሆርንቢል ይሉታል። ምንቃሩ ትልቅ ነው፤ በምንቃሩ ላይ ደግሞ ሌላ ቀንድ የመሰለ ነገር ተጭኗል። ሲበር ክንፉ እንደ ነፋስ ሹው ይላል። የዚህን ወፍ አኗኗር ለልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ክፍተት ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። የምትተወው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ወንዱ በዚያች ቀዳዳ ፍሬ እያመጣ ይመግባታል። የሾላውንና የሌላውንም ዛፍ ፍሬ ይበላና ዘሩን ሩቅ ወስዶ ይጥለዋል። ደኑን የሚዘራው እሱ ነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ጀልባ ላይ ከተዋወቅሁት እንግዳ ጋር አብረን ወጣን። ይህን ወፍ ሲያይ ቆመና "ቲካል ላይ ያየሁት ቱካን!" አለ። ቲካል በጓቲማላ ደን ውስጥ ያለ የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ነው፤ ቱካን ደግሞ የዚያ ደን ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ነው። የሁለቱ አህጉር ወፎች ምንቃራቸው ይመሳሰላል እንጂ ዘመዶች አይደሉም። ሁለቱም ከዛፍ ላይ ፍሬ ለቅመው ስለሚኖሩ ነው ምንቃራቸው እንዲህ የረዘመው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ስለዚያ አገር አወራን። ከዛፎቹ አናት በላይ የሚወጡ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ረጅሙ 65 ሜትር ያህል ነው። ንጋት ላይ የሚያገሱ ጦጣዎች አሉ። ሕዝቡ ከ1,000 ዓመት በፊት ገደማ ከተማዋን ትቶ ሲወጣ ደኑ መጥቶ ሁሉንም ዋጠው። ሰውየው ይህን ሲነግረን አስጎብኚያችን፣ የዘጌ ልጅ፣ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። ደኑ ያለው እኛ ስላልወጣን ነው" አለ። እኔ ለዓመታት ለተማሪዎቼ ልነግር የፈለግሁትን እሱ በአንድ ቃል ጨረሰው።

አሁን ያን አረንጓዴ ላስረዳ። ዘጌ ውስጥ አይታረስም። ከብት አይረባም። ትውፊቱ እንዲህ ነው። የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚህ መጡ። በትራቸውን ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። "በዚህ ኑሩ፤ አትረሱ፣ ከብት አታርቡ" የሚለውም ትእዛዝ ከሳቸው እንደወረደ ይታመናል። ሕዝቡ ቡናና ጌሾ ሸጦ እህሉን ከገበያ ይገዛል። ቡናው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ከተቆረጠ ቡናው ይጎዳል። እንግዲህ ሃይማኖቱ ማረሻውን ከለከለ፣ ቡናው ዛፉን አስጠበቀ። በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር ዘጌ ቆመች።

እየወጣችሁ ሦስት ዛፎች ለዩ። ሦስት ይበቃል። ዋንዛን በሰፊ ቅጠሉና በነጭ አበባው ታውቁታላችሁ። ፍሬው ይጣብቃል፤ ልጆች ይወዱታል። ብርብራ እንደ ባቄላ ያለ ረጅም የዘር ሽፋን አለው። ዘሩ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ያደነዝዛል፤ የድሮ አጥማጆች ይጠቀሙበት ነበር። እሸ ደግሞ ቢጫ፣ የሚጣፍጥ ፍሬ አላት፤ ፍሬዋ ሲደርስ ከሥሯ ጦጣ አይጠፋም። በነዚህ ሥር ያለው ጥቁር አረንጓዴ ቁጥቋጦ ሁሉ ቡና ነው። ቅርንጫፉን አትጎትቱ፤ ቀይዋንም ፍሬ አትቅጠፉ። ጫካ ቢመስልም እያንዳንዱ ግንድ ባለቤት አለው። ለመቅመስ የፈለገ ይጠይቅ። እምቢ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም።

ጦጣዎቹን በተመለከተ አጭር ልሁን፦ አታብሏቸው። ዳቦ የለመደ ጦጣ ሰው ይቀማል፤ ከዚያ ሰዉ በድንጋይ ያባርረዋል። ምግባችሁ ቦርሳ ውስጥ ይዘጋ። የሚያበሉ እንግዶች ካያችሁ በቀስታ ንገሯቸው።

ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ አረንጓዴ የመሰለ፣ ጉንጩ ነጭ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ ቱራኮ የሚባል ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲሮጥ ታያላችሁ። ተራ ይመስላል። ሲበር ግን ክንፉ ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ይሆናል። የዚያ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለበት። ይህን የነገርኳቸው ልጆች ከሁሉ አስበልጠው የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ገዳሙ ውስጥ

መጀመሪያ አዝዋ ማርያምን እዩ፤ ለወደቡ ቅርብ ናት። ከዚያ ወደ ዑራ ውጡ፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ዳገት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚሸጡ እቃዎች ተደርድረዋል። ሲወርዱ መግዛት ይሻላል፤ ሸክም አይሆንባችሁም።

በሩ ላይ ትኬት ቁረጡ፤ ደረሰኝ ያዙ። የቪዲዮ ካሜራ የያዘ አስቀድሞ ይናገር። አባቶችን "ይፍቱኝ አባ" ብላችሁ ቅረቡ፤ "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" ይሏችኋል። ሙስሊምም ሆናችሁ ሌላ እምነት ያላችሁ፣ ዝቅ ብሎ እጅ መንሳት ይበቃል። ማንም መስቀል እንድትሳለሙ አያስገድዳችሁም። ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል አትምቱት። እሱ ሲመታ ሰው ይሰበሰባል።

ከመግባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጉልላቱን እዩ። መስቀሉ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ ላይ አታነሳም ይባላል፤ አምላክም ዓይኑን ከኛ ላይ እንደማያነሳ ለማስታወስ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የውጭው ዙር ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀሉ መቅደስ። መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው፤ የሚገቡበት ካህናት ብቻ ናቸው። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ አራት ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ በዙሪያው ትዞራላችሁ። ውስጡ ጨለም ይላል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። አባ መስኮቱን ከከፈቱላችሁ ግድግዳው ቀስ በቀስ ብርሃን ያወጣል።

ሥዕሎቹ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተሣሉ አይደሉም። ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ እርጥበት ይጎዳዋል፤ የእጅ ላብ ይጎዳዋል፤ የጀርባ ቦርሳ ሲፈትገው ይላጣል። ቦርሳችሁን በደረታችሁ ያዙ። የካሜራ ፍላሽ አጥፉ፤ የተከለከለ ነው። እኔ ልጆቼን ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀት አስቆማለሁ።

ሁሉንም ሥዕል ለማየት አትሞክሩ። ከምዕራቡ በር ጀምሩ፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቀበሏችኋል። ከዚያ ፊቶቹን ተመልከቱ። ጻድቁ ሁለት ዓይን አለው፤ ፊቱን ወደናንተ አዙሮ ነው የሚሣለው። ኃጢአተኛው በጎን ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ካወቃችሁ ፊደል የማይቆጥር ልጅ እንኳ ግድግዳውን ያነበዋል።

በላኤ ሰብእን ፈልጉ። 78 ሰው የበላው ሰው ነው። አንድ ቀን በውሃ ጥም ለሚቃጠል ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሱ በሚዛን ላይ ስትቀርብ ያቺ ጥርኝ ውሃ መዘነችለት። ኪዳነ ምሕረት ማለት ይህ ነው፤ ቤቱም የተሰየመው በዚህ ነው። እናቴ ይህን ታሪክ የነገረችኝ እዚያው ሥዕሉ ፊት ቆማ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እሷም ከናቷ እዚያው ቆማ እንደሰማችው ነግራኛለች።

ከዚያ አውሬዎቹን ፈልጉ። ይህን የምላችሁ ከጫካው ስለመጣችሁ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መሀል ቆመዋል። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠዋል። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ተንጠልጥለው ወደ ደብረ ዳሞ ይወጣሉ። በአባቶቻችን ሥዕል ውስጥ ቅዱስ ሰው ከአውሬ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ሰው ነው። ውጭ ያለው ደን ለምን እንደቆመ እዚህ ግድግዳ ላይም ተጽፎ ይገኛል። ተማሪዎቼን አሥር ደቂቃ ዝም አሰኝቼ ያመጣኋቸው ለዚች ነው። ከደኑ በቀጥታ የገባ ልጅ ራሱ ያገኘዋል፤ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

እቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት አሉ። አባ ብራናውን ሲገልጡላችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ።

ሲወርዱ

የሚሸጡትን ስታዩ ትንንሽ ታንኳ፣ ስፌት፣ አዲስ የተሣለ ሥዕል ግዙ። "የድሮ ነው" የተባለ ብራና ወይም መስቀል አትግዙ። እውነት የድሮ ከሆነ ቦታው ገዳሙ ነው። ቅርስ ከአገር ማውጣትም በሕግ ያስቀጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ቡና ግዙ። ሰበብ የለም። ለትኬቱ ከፍላችሁ ለገዳሙ ሰጥታችኋል። ያለፋችሁበት ደን ባለቤት ግን ገበሬው ነው። ቡናው ገንዘብ ካላመጣለት የቀረው ሀብት ዛፉ ነው። ባሕር ዳር ገበያ ላይ የሚሸጠውን የማገዶ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ስታዩ ይህን አስቡ። ጀንፈሉን ወይም የተፈለፈለውን ከቤታቸው በቀጥታ ግዙ። ሳታስቡት ዋጋ አትቀንሱ።

አክስቴ ጋ ስሄድ ቡናው የሚፈላው ደጅ ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ነው። ከአቦሉ እስከ በረካው ያስቀምጡኛል። ባለፈው ዓመት "አክስቴ፣ አንቺስ አንድ ላም ቢኖርሽ ምን ነበረበት?" አልኳት። አቦሉን እየቀዳች "የኔ ዓለም፣ ላሟ መጀመሪያ ሣር ትፈልጋለች። ከዚያ ቅጠሉን። ከዚያ ችግኙን። ኋላ እኔንም ትበላኛለች" አለችኝ። ባዮሎጂ ተምሬ ያስተማርኩት ሁሉ ከዚህ በላይ አያስረዳም።

ቡና የምታጠጣችሁ አክስት ባይኖራችሁም ወደቡ አካባቢ የሚያፈሉ አሉ። ምሳ ባሕር ዳር ስትመለሱ ይሻላል፤ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ አይጠፋም። ይዛችሁ የወጣችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ። ዘጌ ውስጥ የሚጠርግላችሁ የለም። የሌላ ሰው የጣለውን አንድ ሁለት ብታነሱ ደግሞ አስጎብኚው ያስታውሳችኋል።

ሰባት ሰዓት ላይ ጀልባው ውስጥ ተመልሳችሁ ግቡ። ጃኬቱን እንደገና ቁጠሩ። ነጂው በዓባይ መውጫ በኩል ይውሰዳችሁ። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ጉማሬዎች አሉ። መጀመሪያ ጆሮና ዓይን ብቻ ይታያሉ። ነጂው እንዲጠጋ አትገፋፉት፤ ጉማሬ ከውሃ ሥር መጥቶ ጀልባ ይገለብጣል። ደንገሉ ዳር ላይ ፔሊካኖች ይቆማሉ። ጉማሬው ካልወጣ ነጂው "ትንሽ እንጠብቅ" ይላችሁ ይሆናል። ሰዓታችሁን እዩ። ስምንት ተኩል ካለፈ፣ ውሃውም መሸብሸብ ከጀመረ፣ "ሌላ ቀን እናየዋለን፤ ወደ ቤት ውሰደን" በሉት።